ቲጂን ፊደል ያስቆጠርኩበት ዓመት

ባለፈው ሐሙስ የደም ግፊት ክኒኔ አልቆብኝ ጀርሚስተን ወረድኩ። «ጂፒ ሱቅሽ አፍንጫ ሥር ስንት መድኃኒት ቤት እያለልሽ ጀርሚስተን ምን ወሰደሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። የመጋረጃ ቀለበት የምገዛው እዚያ ካለ ጅምላ ሻጭ ስለሆነ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው ታክሲ መውጣትና መውረዱን ስለማይችለው፣ ሁለቱን ጉዳይ ባንድ መንገድ ልጨርስ ብዬ ነው። ወረፋዬ ደርሶ የሐኪሙን ወረቀት በመስኮቱ ሳቀብል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ስሜን አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስም «ታንዲ» ይላል። የአገሩ ልጅ መስላኝ በማውቃት እንግሊዝኛ ሰላም ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንቲ አስኩ? አንቺ ነሽ?»

አስካለን አሳጥሮ «አስኩ» ብሎ የሚጠራኝ ፍጡር በዚህ አገር አንዲት ብቻ ነበረች። ያየኋት ግን የፊት ጥርሶቿ ወላልቀው በነበረበት ዕድሜዋ ነው። ሃያ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው።

«ቲጂ!» አልኩና ልስማት ስንጠራራ መስታወቱ ግንባሬን መታኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ።

«ዋን ኦክሎክ ላይ ላንች አለኝ፤ ደጅ ጠብቂኝ። ፕሊስ አንቲ፣ እንዳትሄጂ።»

ጠበቅኳት። ከታክሲ መነኻሪያው ፊት ለፊት አንዲት የሲሚንቶ አግዳሚ አለች፤ እዚያ ተቀመጥን። የምሳ ፓይዋን ከወረቀቱ እያወጣች «ዳዲ አረፈ» አለችኝ፣ ገና ከመቀመጧ። «ሁለት ዓመቱ። ስኳር ነበረበት፤ አይሰማም እኮ፣ ኮክ በላይ በላዩ ነው የሚጠጣው።»

«ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን» አልኩ። ለአባቷ ለማቴዎስ ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባው ግን ወዲያው አልመጣም፤ ፍርሃት ነው የቀደመው። ሌላ ወሬ እንዳይነሣ ቶሎ ብዬ ከቦርሳዬ ብጣሽ ወረቀት አወጣሁና ስሜንና ስልኬን ጻፍኩላት። አየችውና መለሰችልኝ።

«በኢንግሊሽ ጻፊልኝ። አማርኛ አላነብም።»

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺን እኮ እኔ ነኝ ያስቆጠርኩሽ! በጀመርሽ ዓመት ሳይሞላ ፊደሉን የጨረስሽ ልጅ!»

«ትቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር አላነበብኩም። ፊደሉን ሳይ ገጹን እገለብጠዋለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን አፏ ላይ ብቻ ነበር። «ሲሊ ነው፣ አውቃለሁ። ፋርማሲ ተምሬ እንዲህ ማሰብ። ግን አንቲ፣ ያን ቀን አንቺም ነበርሽ። ደብዳቤውን እስካነበው ድረስ እማዬ ነበረች። እኔ ሳነበው ሞተች።»

እሷ ደግሞ ፊቴን አይታ ደከመኝ መስሏት፣ «ቆይ ሻይ ላምጣልሽ» ብላ ተነሥታ ማዶ ካለችው ሻይ ሻጭ ተሰለፈች። ስድስት ሰባት ሰው ከፊቷ አለ። የቀረችኝ ጊዜ ያቺ ወረፋ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ወይ እነግራታለሁ፣ ወይ እንደ ለመድኩት ዝም እላለሁ።

ያን ጊዜ ጂፒ እንደ ዛሬው እግር መጣያ የጠፋበት ሰፈር አልነበረም። እኛ አበሻ ነጋዴዎቹ የገባንበት ፎቅ ድሮ የጥርስ ሐኪሞች ቢሮ ነበር አሉ። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፤ ክፍሎቹ በቺፕውድ ተሸንሽነው፣ ለእኔ የደረሰችኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ነበረች። አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል። ነብርና አንበሳ የተሣለበት ከባድ ብርድ ልብስ፣ ዳንቴል መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ እስከ ጣሪያ ደርድሬ መሀሉ ላይ በርጩማዬን አስቀምጣለሁ። ዳቦ አራት ራንድ አይሞላም ነበር። ከከተማ ዳር ካለው የቆርቆሮ ሰፈር ከዛንድስፕሩት እስከ ከተማ ታክሲው ስድስት ራንድ ነው፤ ረዳት ስለሌለው ሒሳቡን ተሳፋሪው ከኋላ ወደ ፊት እየተቀባበለ ያደርሰዋል፤ ያ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ከታች ያለው ፀጉር ቆራጭ ከጥዋት እስከ ማታ ኩዋይቶ የሚሉትን የአገሩን ዘፈን ስለሚከፍት ወለሉ ከእግራችን ሥር ድም ድም ይላል፤ እኔ ደግሞ ከላይ የመዝሙር ካሴቴን እከፍታለሁ። ወንዶቻችን በጋ ክረምት ሳይሉ ቆዳ ጃኬት ይለብሱ ነበር፤ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ጉርድ፣ ነጠላችን ለእሑድ በፌስታል ታጥፋ። አሁን እንኳ አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲወጣ ያ ጋዝ ጋዝ የሚለው ሽታ ሲመታኝ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ የምትወጣ ይመስለኛል።

ማቴዎስ የሆሳዕና ሰው ነው። ዛንድስፕሩት ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ስፓዛ ነበረችው፤ ዳቦ፣ ሻማ፣ ፓራፊን የሚሉትን ላምባ በብረት ፍርግርግ መሀል እያቀበለ የሚሸጥባት ሱቅ። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል እንጂ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ልጁንም ትዕግሥት ማለት ሲያቅታቸው «ታንዲ» አሏት። ሚስቱ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ የክሊኒኩ ወረፋ አልደርስ ሲል፣ በሦስት ወር እመለሳለሁ ብላ ወደ እናቷ አገር ከሄደች ዓመት አልፏል። መመለሻ ወረቀት አላገኘችም። እሱም የጥገኝነት ፔፐር ይዞ ነው የሚኖረው፤ አንዴ አገር ከገባ ፔፐሩ ይሞታል፤ ሱቁም አብሮ ይሄዳል። ዕቃ ለመጫን ማክሰኞና ዓርብ ወደ ከተማ ሲመጣ ልጅቷን ከስኳሩ ጋር ተሸክሞ መዞር ስለማይሆንለት፣ እኔ ዘንድ ያስቀምጣት ጀመር። ያመጣት የፋሲካ ሰሞን ነው። ሮዝ ሹራብ ለብሳለች፤ ቁልፎቹ ተዛንፈው ተቆልፈዋል። አባት የቆለፈው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«እትዬ አስካለ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «እኔ ፊደል የለኝም። እርስዎ የጸሎት ሰው ነዎት። ልጄ ግን ታንብብ። የሚስቴን ደብዳቤ የአገሬ ልጆች ናቸው የሚያነቡልኝ። ‹የናፈቅኩህ› የሚለው ጋ ሲደርሱ ይስቁብኛል፤ በሳምንቱ ሱቄ መጥተው ‹የናፈቅኩህ፣ ሲጋራ ስጠኝ› ይሉኛል። ቲጂ ብታነብልኝ ማንም አይስቅ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ደሴ ነው፤ በኩርኩምና በአርጩሜ። ዛሬም «ሀ» ሲባል ጆሮዬን የሚሞቀኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህች ልጅ ለፊደል ብላ አንድ ዘለላ እንባ አታፈስም ብዬ ለራሴ ተሳልኩ። መጽሐፍም ሰሌዳም የለኝም፤ ያለኝ ብርድ ልብስና የልጅቷ ገላ ነው። ፊደል ማለት ሰባት ልጆች ያሉበት ቤት ነው አልኳት። የ«በ» ቤት የመጀመሪያዋ ልጅ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ቡ» እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። «ቢ» እግሯን ወደ ጎን ትዘረጋለች። «ባ» ግራ እግሯን ታነሣለች፣ «ቦ» ቀኟን። «ቤ» አልቦ ታጠልቃለች፤ ለሷ የመጋረጃ ቀለበት ቁርጭምጭሚቷ ላይ እናስር ነበር። ስድስተኛው «ብ» አመለኛ ነው፤ በሄደበት ቤት ሁሉ የሚለብሰው ልብስ ስለማይታወቅ እሱን ማደን አለብን። ቲጂ መደርደሪያው መሀል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ቡ!» ስትል መጋረጃ ሊገዙ የመጡ ሴትዮዎች ሥራቸውን ትተው ያዩአታል። አንዷማ ዘንቢሏን አስቀምጣ አብራት እግሯን አነሣች።

ጎረቤቴ ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ጫማ ይሸጣል። የካርቶኑን ክዳን እየለመንኩ ፊደል ቆርጬ አወጣበታለሁ። ቲጂ ዓይኗን ስትጨፍን ብርድ ልብሶቹ መሀል እደብቃቸዋለሁ፤ ስታገኝ ስሙን ከጠራች የሷ ነው፤ ካልጠራች ነብሩ መልሶ ይውጠዋል። መሬት የወደቀውን አንሥተን እንስመዋለን፤ የእግዚአብሔር ስም የሚጻፍበት ነው ብያታለሁ።

«እትዬ አስካለ፣ ካርቶኔን ጨረሱት እኮ!» ይላል ሸምሱ ከማዶ። «ሰዉ ጫማውን እንደ ዶሮ አንጠልጥሎ ሊሄድ ነው!»

«ፊደል ነው የምቆርጠው፤ ጽድቅ ነው።»

«ጽድቁን ታዲያ እኩል ነው የምንካፈለው፤ ካርቶኑ የኔ ነው!»

ልጅ አልወለድኩም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ የሚቀጥለው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጥዋት ቅዳሴ ላይ እንኳ ያልለበስኩትን ሻሽ አስሬ እወጣ ጀመር። በሷ ቁመት ሹራብ ገዛሁ። አንድ ዓርብ በጨዋታው መሀል ረስታ «እማ» አለችኝና አፏን በእጇ ያዘች። አላረምኳትም። «አንቲ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ደብዳቤው የመጣው ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ነው። ከአገር የመጣ ሰው በእጁ ይዞት መጣ፤ ከደብተር የተቀደደች አንዲት ወረቀት፣ በሁለት በኩል የተጻፈች። ማቴዎስ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ላቡን ሳይጠርግ ሰጠኝ። «እርስዎ ያንብቡልኝ። ዛሬ ለነዚያ አልሰጥም። እርስዎ አይዋሹም።» ልጅቷ እግሬ ሥር ተቀምጣ ባቄላ በ«ቀ» ቅርጽ ትደረድራለች።

አፌን ሳልከፍት የመጀመሪያውን መስመር በዓይኔ አየሁት። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ መልሷታል። ልጄን ይዘህ ና ትላለች።

አገራችን ውስጥ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሰውዬው ቤቱ ሆኖ፣ የሚይዘው ዘመድ በግራ በቀኝ ቆሞ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። በሰው አገር፣ በቺፕውድ ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ፊት፣ ዕቃ የጫነ ታክሲ ከታች ጥሩምባ እየነፋበት፣ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። ይህን አሰብኩ፤ ማሰቤ እውነት ነው። ለጊዜው ልሸፍነው፤ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክሬ እሑድ ይነገረዋል ብዬ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል ከልቤ አውጥቼ አነበብኩለት። «ለምወድህ ባለቤቴ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እየተሻለኝ ነው። እህል መብላት ጀምሬያለሁ። ስለ እኔ አታስብ፤ ልጄን ሳምልኝ።» ማቴዎስ ጣሪያውን እያየ «ተመስገን» አለ። ልጁን ብድግ አድርጎ አዞራት፤ ባቄላው ተበተነ።

እሑድ መጣ፤ ሽማግሌዎቹን አልጠራሁም። የሚቀጥለውም እሑድ መጣ። ጾሙ ይለፍ አልኩ፤ ሱቁን ለማን ጥሎ ይሄዳል አልኩ፤ ፔፐሩ ይበላሻል አልኩ። ይህ ሁሉ ሰበብ ነበር። ሰውዬው ቢሰማ ልጁን ይዞ በማግሥቱ ይሄዳል፤ ማክሰኞና ዓርብ ባዶ ይሆንብኛል። ይህን ለራሴ እንኳ በቃል አላልኩትም። እየጾምኩ፣ እየሰገድኩ፣ ልቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተኝቶ ነበር።

ይባስ ብሎ ማቴዎስ ደብዳቤውን ወደደው። በላስቲክ ጠቅልሎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ዓርብ ዓርብ ዕቃውን ከጫነ በኋላ «እስቲ እትዬ፣ ያቺን እህል የምትለዋን» ብሎ ያወጣዋል። እኔም ያንኑ ውሸት፣ አንዲት ቃል ሳላዛንፍ፣ አነብለታለሁ፤ ዓይኔ ግን በእውነተኛዎቹ ቃላት ላይ ነው የሚሄደው። በዚህ ዓይነት የዚያችን ሴት ደብዳቤ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ስልኩ ጎረቤት ቤት ስለሆነና ተሻላት ብሎ ስላመነ አልደወለም፤ መልሱንም ያጻፈኝ እኔኑ ነው። «እንኳን ተሻለሽ ይበሉልኝ፤ ደስ ብሎናል፤ ቲጂ ‹ቀ› ደርሳለች» አለኝ፤ እንዳለው ጻፍኩ። አልጋ ላይ ሆና ያንን ስታነብ ምን እንዳለች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ማስተማሬን አልተውኩም። እንዲያውም ባሰብኝ። ቃል መገጣጠም ስትጀምር የፖስታ ጨዋታ አመጣሁላት። ከሸምሱ ካርቶን ቆብ፣ ከመጋረጃ ቁራጭ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ሠራሁ። በየካርቶኑ ላይ «ጫማ»፣ «ዳቦ»፣ «ነብር» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እሷ ፎቁን እየዞረች «ፖስታ!» ብላ ታድላለች፤ ሕጉ አንድ ነው፤ ፖስተኛዋ ለባለቤቱ ጮክ ብላ ካላነበበች ደብዳቤው አይሰጥም። ሸምሱ በቀን ሦስት ጊዜ «ደብዳቤ የለኝም ወይ?» እያለ ይጠራታል። «ሸምሱ ቆንጆ ነው» ብላ እንድታመጣለት ራሱ ለምኖ አጽፎኛል።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። ዓርብ ነው፤ ከተማው ለገና ገበያ ጥቅጥቅ ብሏል። ማቴዎስ ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ ሙቀቱ አስመርሮት ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለና ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጠ። ቲጂ ቆቧን አድርጋ መጣች።

«ፖስታ!»

«ለእኔም አለኝ?» አለ አባትየው።

ቦርሳዋን አየች፤ ባዶ ነው። ከዚያ ዞር ብላ ከጃኬቱ ኪስ ያቺን በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት መዘዘች። እጄ ላይ የነበረው መጋረጃ ወደቀ።

«ተይ ልጄ» አልኩ። «የሰው ደብዳቤ አይነበብም።»

«የኔ አይደል እትዬ!» አለ እየሳቀ። «ይተዉአት፣ ታንብብ! ለዚህ አይደል እንዴ የተማረችው?»

«የ… ት… ዕ… ግ… ሥ… ት» አለች። «ዳዲ! የኔ ስም ነው! እማዬ ስሜን ጽፋዋለች!» ሸምሱ ከማዶ አጨበጨበ። እሷ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ ቀጠለች። «የትዕግሥት… አባት። ሐኪሙ… ከእንግዲህ… መድኃኒት… የለም… አለኝ።» ትርጉሙ አልደረሳትም፤ የያዛት ፊደሉን ማደኑ ነው። «ሳልሞት… ልጄን… ይዘህ… ና።»

ማቴዎስ ፈገግ እንዳለ ነበር፤ ፊቱ ከጆሮው ዘግይቶ ነው የሰማው። ወረቀቱን ከእጇ ወሰደና ማንበብ እንደሚችል ሰው ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አልተቆጣም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቀኝ። «እትዬ፣ ይቺ መስመር… እዚህ ላይ ነበረች?»

የወደቀውን መጋረጃ አንሥቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

ሁለተኛ ፎቅ ስልክ ቤት ወርዶ ሆሳዕና ደወለ። ከሞተች ሁለት ወር አልፏታል። እዚያም ያሉት እንደኔ አስበው፣ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ የሚያስታምም ሰው ተገኝቶ በደኅና ቀን ይነገረው ብለው ይዘውት ኖረዋል። የለቅሶው ድምፅ በደረጃው ወደ ላይ ወጣ። ፀጉር ቆራጩ ሙዚቃውን ሲያጠፋ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቲጂ የካርቶን ቆቧን እንዳደረገች ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ፣ «አንቲ አስኩ» አለችኝ፣ «ሳነብ ተሳሳትኩ እንዴ?»

በሳምንቱ ማቴዎስ ሹራቧን ሊወስድ ብቻውን መጣ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። «ለልጄ አልነግራትም» አለኝ። «ባንድ ወር ሁለት እናት አልነሣትም።» ከዚያ ዛንድስፕሩትን ለቆ አይቮሪ ፓርክ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ዕቃውን በሌላ በኩል ይጭን ጀመር። ሰውየው ምሮኝ ነው ዝም ያለው፤ ያ ምሕረት ግን በልጅቷ ላይ ምን እንደሚጭንባት እሱም አላወቀም፣ እኔም አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ልጅ አላስተማርኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶቹ «ፊደል በጨዋታ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ፤ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ብቻ ሆኑ» ሲሉኝ ጉልበቴን አመካኛለሁ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደቱንም ጾሙንም ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። በመጨረሻ ግን «ልጅቷን ፈልገሽ ንገሪያት» አሉኝ። የት እንዳለች አላውቅም አልኳቸው። አይቮሪ ፓርክ በታክሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አልሄድኩም።

ቲጂ ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ሰዓቷን አየች። «አስራ አምስት ደቂቃ አለኝ» አለች።

«ቲጂ» አልኩ፣ «እናትሽን የገደልሻት አንቺ አይደለሽም። ደብዳቤው ከመጣ አራት ወር ሙሉ አባትሽ ኪስ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ውሸት ነው ያነበብኩለት። አውቄ ነው። አንቺ ስታነቢው ያወጣሽው እኔ የደበቅኩትን ነው።» ለምን እንደደበቅኩም ነገርኳት፤ መርዶውን ብቻ ሳይሆን «እማ» ያለችኝን ቀንም፣ ሹራቡንም። ሰበቡን አስቀድሜ እውነቱን ወደ ኋላ ላደርግ ዳድቶኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ረድቶኝ አላደረግኩትም።

ታክሲዎቹ ይጮኻሉ፤ አንዲት ሴት ሙዝ በራሷ ተሸክማ በፊታችን አለፈች። ቲጂ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሜቢ እንደርስ ነበር» አለች። «ዳዲ ያኔ ቢሄድ። ሜቢ እማዬን አያት ነበር።»

«አዎ።»

«‹እንጃ› እንኳ አትዪም?»

«አልልም። ትደርሱ ነበር።»

ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። «ወረቀቱ ከዳዲ ጋር ተቀበረ» አለች። «ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው። እኔ እስከ ‹ይዘህ ና› ነው ያነበብኩት። የቀረውን ታውቂዋለሽ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው።»

ከኪሷ እስክርቢቶ፣ ከጎኗ ክኒኔን ያወጣሁበትን የወረቀት ከረጢት አነሣችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አለሳለሰችው። «በይው» አለች። በእንግሊዝኛ ፊደል የእናቷን አማርኛ ልትጽፍ ነው። «ቀስ ብለሽ። አንድም ቃል እንዳትዘዪ።»

ጀመርኩ። «ስልክ ላይ ያልነገርኩህ ሰው ስለሚሰማኝ ነው። ስለ ፔፐሩ የምታስበውን አውቃለሁ፤ ፔፐር ይጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ሲመሽ ነው የሚያመኝ።» እጇ ፈጣን ነው፤ እኔን ትጠብቅ ነበር።

እዚያ ስደርስ አቆምኩ። የምትቀጥለው መስመር ከወረቀቱ ጀርባ አናት ላይ ነበረች፤ አራት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ዓይኔ እሷ ላይ ሲደርስ ገጹን ቶሎ አጥፌ እመልሰው ነበር።

«ከዚያስ?»

«‹ልጄን ፊደል አታስቆጥራት። ለማንም አትስጥብኝ። ተኝቼም ቢሆን እኔ ላስቆጥራት፤ ከእኔ የሚቀራት እሱ ይሁን።›»

እስክርቢቶዋ ቆመ። ቀና አላለችም።

«‹ለማንም› ያለችው አንቺን ነው?»

«አታውቀኝም ነበር» አልኩ። «ግን እኔ ነኝ።»

መስመሩን ጻፈችው። ቃሉን ከጨረሰች በኋላም እስክርቢቶውን ከወረቀቱ አላነሣችም።

«ቀጥዪ» አለች።

ቀጠልኩ።